ቡሊንግን ሚታገል ድርጅት ልትመሰርቱ ላሰባችሁ

(ለወጣቶች በአዳራሽ የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ተገልብጦ ትንሽ ተስተካክሏል፣ አነጋገሩ ግን እንዳለ ነው።)

እሺ፣ ይሰማል አይደል? ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁ እጃችሁን አውጡ፣ የኔ ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል።

አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ "ቡሊንግን ሚዋጋ ድርጅት ስለመሰረተ ወጣት አውራልን፣ ልጆቹ ይነቃቁ" ነው ያሉኝ። (ቡሊንግ ማለት ጉልበተኛው ልጅ ደካማውን ሆን ብሎ እየደጋገመ ሲያላግጥበት፣ ሲያስፈራራው፣ ሲያጠቃው ነው።) እሺ አልኩ፣ ግን ማነቃቃቱን ብዙም አልችልበትም። እንደነዚህ አይነት ልጆች ታሪክ ሲወራ ደግሞ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ ልጁ ተሰቃየ፣ አለቀሰ፣ ተነሳ፣ ድርጅት መሰረተ፣ ተሸለመ፣ በሉ አጨብጭቡ። እናጨበጭባለን። ልጁ ምን እንደሰራ፣ ማለቴ ሰኞ ጠዋት ተነስቶ የትኛው ክፍል ገብቶ ለማን ምን እንዳለ ግን ማንም አይጠይቅም። ዛሬ ማወራው እሱን ነው። እዚህ ውስጥ ድርጅት የመመስረት ሀሳብ ያላችሁ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁና።

ግን ትልልቅ ሰዎችም ስለተቀመጣችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ። "የልጆች ነገር ነው ያልፋል፣ እኛስ በልጅነታችን ያልተሰደብነው ስድብ አለ እንዴ፣ ይኸው አደግን" ትላላችሁ። ሁሉም አያልፍም። እንግሊዝ ውስጥ በ1958 በአንድ ሳምንት የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስና ሚከታተል ጥናት አለ (አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው ምጠራው)። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የ7,771 ልጆችን መረጃ ወስደው በ2014 ያወጡት ውጤት ምን ይላል መሰላችሁ፣ በ7 እና በ11 አመታቸው ቡሊ ይደረጉ የነበሩት ሰዎች 50 አመት ሲሞላቸውም ድብርቱም ጭንቀቱም ከሌላው በዝቶባቸው ነው የተገኙት። 40 አመት ገደማ አልፎ ማለት ነው። ዩኔስኮ ደግሞ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ3 ተማሪ አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቡሊ ተደርጓል ይላል። በቃ፣ "ያልፋል" ሚለውን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ልጆቹ እንግባ።

በጄይለን አርኖልድ ልጀምር። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሌክላንድ ሚባል ከተማ ያደገ ልጅ ነው። ገና በህፃንነቱ ቱሬት ሲንድሮም እንዳለበት ታወቀ። ቱሬት የነርቭ ችግር ነው፣ ሰውነት ሳትፈልጉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ሳትፈልጉ ይወጣል፣ አይን ማርገብገብ፣ አንገት ማነቃነቅ፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ ድንገት መጮህ፣ እነዚህን ቲክ ይሏቸዋል። ብዙ ሰው ቱሬት ሲባል ያለፈቃዱ ሚሳደብ ሰው ነው ሚመጣበት፣ ያ ግን ቱሬት ካለባቸው ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ ላይ ነው ሚታየው። ቲክን ለትንሽ ጊዜ መያዝ ይቻላል፣ ማስነጠስን እንደመያዝ ነው፣ ግን እስኪወጣ ድረስ ውስጥ ውስጡን ይገፋል። ጭንቀት ሲኖር ደግሞ ይጨምራል፣ ይቺን ያዙልኝ።

ምክንያቱም ጄይለን ላይ የደረሰው እሱ ነው፣ ልጆች ቲኩን እያስመሰሉ ያላግጡበት ነበር። አሁን አስቡት፣ ሲያላግጡበት ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ቲኩ ይብስበታል፣ ሲብስበት ሚያላግጡበት ነገር የበለጠ ያገኛሉ። መውጫ የሌለው ክብ ነው። አንዳንድ መምህር እዚህ ጋ ሚለው "ዝም በላቸው፣ ካልሰማሃቸው ይተዉሃል" ነው፣ ይሄ ልጅ ግን ዝም ማለት ማይችል ሰውነት ነው ያለው፣ ምክሩ ለሱ ምንም አይጠቅመውም።

ልጁ 8 አመቱ ላይ በ2009 ገደማ የጄይለን ቻሌንጅ ሚባለውን ፋውንዴሽን ከቤተሰቡ ጋር ጀመረ። "ቡሊንግ በጭራሽ!" ሚል መልእክት ያለው የእጅ አምባር እየሸጡ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ እሱ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ያስረዳል። በ2017 ለንደን ላይ በልዕልት ዳያና ስም ለወጣቶች ሚሰጠውን የዳያና ሽልማት የሌጋሲ አዋርድ ከልዑል ዊልያምና ከልዑል ሃሪ እጅ ተቀብሏል። ፎቶው ሁሉም ጋ ያለው እሱ ነው። ለኔ ግን ከሽልማቱ በላይ ሚገርመኝ የመጀመሪያ መሳሪያው ማስረዳት መሆኑ ነው። "ይሄ ድምፅ ምንድነው፣ ለምን ይወጣል፣ ስታስመስሉኝ ምን ይሆናል"፣ ለልጆች፣ በልጅ አፍ። ከሚያላግጡት ውስጥ እኮ ብዙዎቹ ልጁን ጠልተውት አይደለም፣ ያልገባቸው ነገር ያስቃቸዋል፣ ሲገባቸው መሳቁ ይከብዳቸዋል። ሁሉንም ያቆማል አላልኩም። ገብቶትም ሚቀጥል አለ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው እንመጣበታለን። ግን ከአስሩ ሳቂ ስድስቱ ሳቁን ቢተው አስመሳዩ ለማን ያስመስላል?

ሁለተኛዋ ናታሊ ሃምፕተን ናት፣ ካሊፎርኒያ። 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሁለቱን አመት ምሳዋን ብቻዋን ነው የበላችው። ትምህርት ቤት ቀየረችና እዛ ጓደኛ አገኘች፣ ታሪኩ እዚህ ጋ ቢያልቅ ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን አዲሱ ትምህርት ቤትም ብቻውን ሚበላ ልጅ ስታይ እየጠራች አብራ ታስቀምጥ ጀመር። ከዛ በ2016፣ በ16 አመቷ፣ "አብራችሁን ተቀመጡ" ሚል መንፈስ ያለው አፕ አወጣች። ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች "ዛሬ ጠረጴዛችን ክፍት ነው" ብለው ይመዘግባሉ፣ ብቻውን የሆነው ልጅ ስልኩ ላይ አይቶ ይሄዳል።

ይሄ ቀላል ይመስላል። ግን ካፍቴሪያ ውስጥ ሳህን ይዞ የቆመ ልጅ ሚፈራው ምንድነው? ብቻውን መብላቱ ይከፋዋል፣ ከዛ የባሰው ግን ሄዶ "መቀመጥ እችላለሁ?" ብሎ ሰው እያየው "ተይዟል" መባል ነው። አፑ እምቢ ሚባልበትን ሰከንድ ነው ያጠፋው። ያ ሰከንድ መኖሩን ሚያውቀው ደግሞ ቆሞ ያየው ሰው ብቻ ነው፣ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ፕሮጀክት ቢቀርፅ "የማህበራዊ ውህደት ስልጠና" ብሎ ሶስት ቀን ሆቴል ያስቀምጣቸው ነበር። (ሳቅ) አትሳቁ፣ እኔም ሰልጥኛለሁ።

ሶስተኛዋ ትሪሻ ፕራቡ። ኢሊኖይ፣ ኔፐርቪል። በ2013፣ 13 አመቷ እያለ፣ አንዲት የ12 አመት ልጅ በኢንተርኔት ላይ በደረሰባት ማንቋሸሽ ምክንያት ህይወቷን ማጥፋቷን አነበበች። ያሰበችው ነገር፣ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ብሎክ አድርጊ፣ ሪፖርት አድርጊ ሚባለው ሁሉ ሸክሙን ተጎጂዋ ላይ ነው ሚጥለው፣ ለምን ከመላኩ በፊት አናቆመውም ነው። እናም ሪቲንክ ሚባል ሶፍትዌር ሰራች፣ ሰው ሚጎዳ ነገር ስትፅፉ "ይሄ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። በቃ ይሄው ነው። አይከለክልም፣ ይጠይቃል። ባደረገችው ሙከራ ላይ መጀመሪያ 71 በመቶ ገደማ የነበረው የመላክ ፍላጎት ጥያቄው ሲመጣ ወደ 4 በመቶ ወርዷል። በ2014 የጉግል የሳይንስ ውድድር ላይ የመጨረሻዎቹ ውስጥ ገባች፣ በ2016 ሻርክ ታንክ ሚባል፣ ሰው የስራ ሀሳቡን ለባለሀብቶች ሚያቀርብበት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርባ ከሁለት ባለሀብቶች 100,000 ዶላር አገኘች።

እኔ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ልጎርብጥ። ሙከራ ላይ የተቀመጠ ልጅ እየታየ መሆኑን ያውቃል፣ ሌሊት አልጋው ላይ ተናዶ ስልክ የያዘ ልጅ ሌላ ነው። 71ና 4ን እውነተኛው አለም ላይ እንዳለ ታገኙታላችሁ ብላችሁ አትጠብቁ። የሀሳቡ መሰረት ግን ትክክል ነው፣ የጉርምስና አእምሮ ውስጥ ቆም ብሎ ሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል እስከ ሀያዎቹ አጋማሽ ድረስ እያደገ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ክፉ ባይሆንም ጣቱ ከሀሳቡ ይቀድማል። ያቺን መዘግየት ከውጭ ልትሰጡት ትችላላችሁ።

ሶስቱን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ምን ይታያችኋል? ማናቸውም "ቡሊንግን ከአለም እናጥፋ" ብለው አልጀመሩም፣ ወይ ብለውም ከሆነ የሰሩት ሌላ ነው። አንዱ ልጆች ያልገባቸውን ድምፅ ያዘ፣ አንዷ የምሳ ሰአትን ያዘች፣ አንዷ "ላክ" ሚለውን ከመጫን በፊት ያለችውን ቅፅበት ያዘች። እኔ ጋ ማማከር ብለው ሚመጡ ወጣቶች ግን ይዘው ሚመጡት ፅሁፍ ላይ ግንዛቤ ማስጨበጥ፣ የስነልቦና ድጋፍ፣ የህግ ማዕቀፍ፣ የወላጆች ስልጠና፣ ስፖርት፣ ኪነጥበብ፣ ሁሉም አለ፣ ልጁ ግን የለም። የትኛው ልጅ፣ የት ቦታ፣ በስንት ሰአት? እሱን ስጠይቅ ፀጥ ይላል።

አሁን ደግሞ ለምን ትንሿ ቅፅበት እንደምትሰራ ላሳያችሁ። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ደብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ ሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ ካሜራ ደግነው፣ ልጆቹ ላይ ገመድ አልባ ማይክ አድርገው ቀረፁ። በ2001 የወጣው ውጤት፣ ቡሊንግ በተፈጠረበት 88 በመቶው ጊዜ ሌሎች ልጆች ቆመው እያዩ ነበር። ጣልቃ የገቡት ግን 19 በመቶው ላይ ብቻ። ጣልቃ ሲገቡስ? ከግማሽ በላዩ ላይ፣ 57 በመቶው፣ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። 10 ሰከንድ! ዳይሬክተር የለም፣ ፖሊሲ የለም፣ አንድ ልጅ "ኧረ ተዉት" አለ፣ ቆመ።

ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ክርስቲና ሳልሚቫሊ በ1996 ከባልደረቦቿ ጋር 573 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን አጥንታ ማን ምን እንደሚሰራ ከፋፈለችው። ቡሊ ሚያደርገው ከ100 ልጅ 8ቱ ገደማ ነው። ሚያግዘው 7። ዳር ቆሞ ሚስቅ፣ "ጨምርለት" ሚል፣ ሊያይ ሚሮጥ ወደ 20። ለተጎጂው ሚቆም 17። ምንም ማይል፣ ገለል ሚል 24። እንግዲህ አስሉት፣ 8ቱን ልጆች ለመቀየር ነው ሁላችንም ምንደክመው፣ ሳቂዎቹና ገለልተኞቹ አንድ ላይ ከ40 በላይ ናቸው፣ ብዙዎቹም ውስጣቸው ደስ አይለውም። ለማንም ጥላቻ የላቸውም፣ ተራው ወደነሱ እንዳይዞር ይፈራሉ። ፊንላንዶች ይሄን ይዘው ኪቫ ሚባል ፕሮግራም ሰሩ፣ ከ2009 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘረጋ። በጣም ምወደው ነገር አለው፣ አንድ ልጅ ቡሊ ሲደረግ መምህሩ ከክፍሉ ሰው ሚሰማቸውን፣ ተወዳጅ የሆኑትን ከ2 እስከ 4 ልጆች ለብቻ ጠርቶ "እሱን ለመርዳት እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላቸዋል። ስብከት የለም። እነሱ ራሳቸው "እኔ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ እቀመጣለሁ" ይላሉ፣ ያደርጉታል።

የሮዝ ቲሸርቱን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። በ2007 ኖቫ ስኮሺያ፣ ካናዳ፣ አንድ አዲስ የ9ኛ ክፍል ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ሮዝ ቲሸርት ለብሶ መጣና ተላገጠበት፣ ተዛተበት። ዴቪድ ሸፐርድና ትራቪስ ፕራይስ ሚባሉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰምተው ሄደው 50 ሮዝ ቲሸርት ገዙ፣ ለጓደኞቻቸውም መልእክት ላኩ፣ በነጋታው ግቢው ሮዝ ሆነ። ዛሬ የሮዝ ቲሸርት ቀን በብዙ አገር ይከበራል። ሰው ሚያስታውሰው ቀለሙን ነው። ነገሩን ያሰራው ግን ቀለሙ አይመስለኝም፣ ሁለቱ ልጆች የ12ኛ ክፍል መሆናቸው ነው። ራሱ አዲሱ ልጅ 50 ቲሸርት ገዝቶ ቢያመጣ ማን ይለብስለታል? ትልቆቹ፣ ሚፈሩትና ሚወደዱት ናቸው "ከሱ ጋር ነን" ያሉት። አሁን አሁን ቀኑ ሲመጣ ሁሉም ቲሸርት ለብሶ ፎቶ ተነስቶ ይለጥፋል፣ በዛው ቀን ግቢው ጥግ ሚገፈተረው ልጅም ቲሸርቱን ለብሶ ነው ሚገፈተረው። ይሄን ስል ቅር ሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ነው።

አዎ እህቴ፣ ጥያቄ አለሽ? … ማይክ ስጧት … እሺ፣ ጥያቄዋ "ሁለቱን ልጆች አገናኝቶ ማስታረቅ አይሻልም ወይ" ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ደግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚያስበው እሱን ነው። መልሴ አይሻልም ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ዳን ኦልቬዩስ ሚባል ሰውዬ ነበር፣ ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ በርገን ውስጥ የሰራ፣ በ2020 ነው የሞተው። ይሄን ጉዳይ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሳይንስ መንገድ ያጠና የመጀመሪያው ሰው ነው ማለት ይቻላል። ቡሊንግ ለመባል ሶስት ነገር ይሟላ አለ፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ የሚደጋገም፣ እና የጉልበት ልዩነት ያለበት። ሶስተኛዋ ናት ቁልፏ። ሁለት እኩያ ልጆች ኳስ ሜዳ ቢጣሉ ጠብ ነው፣ አስታርቋቸው። ጉልበቱ እኩል ካልሆነ ግን የምታስታርቂው ምኑን ነው? "አንተም ትንሽ ተው፣ አንተም ትንሽ ተው" ሊባል ነው፣ ተጎጂው ምኑን ይተው? ደግሞ እዛ ክፍል ውስጥ አዋቂ ፊት ተጨባብጠው ይወጣሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ምን እንደሚለው ማን ያውቃል።

ኖርዌይ ውስጥ ነገሩ አገር ያንቀጠቀጠው በ1982 መጨረሻ ሶስት ታዳጊ ወንዶች ህይወታቸውን ባጠፉ ጊዜ ነው፣ ቡሊንግ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተባለ፣ በ1983 መንግስት ብሄራዊ ዘመቻ ጀመረ፣ ኦልቬዩስም በርገን ላይ 42 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 2,500 ገደማ ተማሪዎችን ይዞ ፕሮግራሙን ሞከረ። ችግሩ በግማሽና ከዛ በላይ ቀነሰ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሌላ አገር ሲሞከር ያን ያህል አልወረደም። ማሪያ ቶፊና ዴቪድ ፋሪንግተን በ2011 44 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲያዩ በአማካይ ቡሊ ማድረጉ ከ20 እስከ 23 በመቶ ነው የቀነሰው። ይሄን ምነግራችሁ ገንዘብ ሰጪ ፊት "በአንድ አመት እናጠፋዋለን" ብላችሁ እንዳትፈርሙ ነው። ከ5 አንዱን መቀነስ ትልቅ ስራ ነው።

እና እዛው ጥናት ላይ ለናንተ በጣም ሚያሳስባችሁ ነገር አለ። ልጅ ልጅን ሚሸመግልበት፣ ልጅ ልጅን በመደበኛነት ሚመክርበት አሰራር የነበራቸው ፕሮግራሞች ላይ ተጎጂነት ብሶ ነው የተገኘው። ብሶ! ከዛ በኋላ በመጡ ሰፋ ያሉ ግምገማዎች ደግሞ መደበኛ ያልሆነ የልጆች ተሳትፎ፣ በክፍል ውስጥ አብሮ መወያየት፣ አብሮ መስራት፣ ጥሩ ውጤት ያላቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ታየ። ሁለቱን ስታገናኙት ትርጉም ይሰጣል፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ "ተዉት" በሉ፣ ዳኛ ግን አትሁኑ። የ14 አመት ልጅ ባጅ አድርጎ የሌላውን የ14 አመት ልጅ ጉዳይ መርማሪ ሲሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ምን እንደሚፈጠር።

እዚህ ጋ አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ፣ ረጋ ብዬ ልናገረው። ድርጅት ከፈታችሁ፣ ገፅ ከፈታችሁ፣ "አናግሩን" ካላችሁ፣ አንድ ቀን ሌሊት አንድ ልጅ "መኖር አልፈልግም" ብሎ ይፅፍላችኋል። ይመጣል፣ ይቀራል ብላችሁ አታስቡ። እናንተ ደግሞ 17 አመታችሁ ነው፣ በነጋታው ፈተና አላችሁ። ያኔ ነው "ምን ብዬ ልመልስ" ብሎ መጀመር ሚባል ነገር የለም። ገፁ ከመከፈቱ በፊት ሶስት ነገር በወረቀት ይፃፍ፣ መልእክቱን ማን ያያል፣ ለየትኛው አዋቂ፣ ለየትኛው ባለሙያ ወዲያው ይተላለፋል፣ እና ማንም በሌለበት ሰአት ገፁ ራሱ ምን ብሎ የት ይልካል። ይሄ ከሌለ "አናግሩን" ሚለውን አትፃፉ፣ "ትምህርት ቤት ውስጥ እንሰራለን" በሉ በቃ። ብዙ አገር ላይ እድሜው ያልደረሰ ልጅ በህግ ፊት ውል መፈረምም፣ የድርጅት ሀላፊ መሆንም አይችልም፣ ስለዚህ አዋቂ መኖሩ ግዴታም ነው። የጄይለንን ብታዩት ቤተሰቡ አብሮት ነው። አዋቂዎች አብረው ሲኖሩ ውጤቱ የልጁ መሆኑ ሚቀንስ ሚመስላቸው አሉ፣ አይቀንስም።

ሌላው የራሳችሁ ታሪክ ነው። መስራቹ ራሱ ቡሊ የተደረገ ልጅ ከሆነ መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል፣ ሰው ያለቅሳል፣ እርዳታ ይገባል። ሁለተኛው መድረክ ላይም እንዲሁ። ሀያኛው መድረክ ላይ ልጁ የሚያለቅስበትን ቦታ ያውቀዋል፣ ጋዜጠኛውም "እስቲ ሽንት ቤት ውስጥ የዘጉብህን ቀን ንገረን" ይለዋል ካሜራ ደግኖ። ይሄ ልክ አይደለም። ጥያቄውን እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ታሪካችሁን አንዴ በደንብ አድርጋችሁ፣ በምትፈልጉት ልክ ፃፉት ወይ ቅረፁት፣ ከዛ ሚጠይቃችሁን ሰው ወደሱ ላኩት። የበደላችሁን ልጅ ስምም አትጥሩ፣ እሱም ያኔ ልጅ ነበር፣ ደግሞ ስሙን ስትጠሩ ሺ ሰው ሄዶ እሱን ማንቋሸሽ ይጀምራል፣ ልትታገሉት የወጣችሁትን ነገር ራሳችሁ አስጀመራችሁት ማለት ነው።

ስለ ልኬት ቶሎ ላውራ፣ ሰአቱ እየሄደ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ስም የሌለው መጠይቅ አስሞሉ። "ቡሊ ተደርገህ ታውቃለህ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ይላል። "ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ስንት ጊዜ፣ የት ቦታ?" በሉ። የኦልቬዩስ መጠይቅ በወር ከ2 እስከ 3 ጊዜና ከዛ በላይ ሚለውን ነው መስመር አድርጎ ሚወስደው። የት ሚለው ጥያቄ ወርቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለት ሶስት ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ሽንት ቤት፣ ደረጃ፣ አውቶቡስ፣ የክፍሉ ግሩፕ ቻት። ከዛ ስትጀምሩ ሪፖርት ይጨምራል፣ አትደንግጡ፣ ዳይሬክተሩ ይደነግጣል እናንተ አትደንግጡ፣ ዝም ብሎ የነበረው መናገር ስለጀመረ ነው።

አንድ ደግሞ እኔን ራሴን በጣም ያሳሰበኝ ግኝት አለ። ክሌር ጋራንዶና ሳልሚቫሊ እንደፃፉት፣ ቡሊንግ በደንብ በቀነሰባቸው ክፍሎች ውስጥ አሁንም ቡሊ እየተደረጉ የቀሩት ጥቂት ልጆች ከበፊቱ የባሰ ሊከፋቸው ይችላል። ቀድሞ "ብዙ ነን" ይል ነበር፣ አሁን ሁሉም ደህና ሲሆን እሱ ብቻ ሲቀር "ችግሩ እኔ ነኝ ማለት ነው" ይላል። ድርጅታችሁ ተሳካለት ማለት ነው፣ ግራፉ ወርዷል፣ ኬክ ተቆርሷል፣ እዛ ጥግ ላይ ሁለት ልጆች አሉ። እነሱን በስማቸው ሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ግራፉ አያሳያችሁም።

እሺ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከፊት ያለሽው … አሃ። "ስሙንና ሎጎውን ጨርሻለሁ፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ" ነው ጥያቄዋ። (ሳቅ) ሎጎውን አስቀምጪው። አንድ ትምህርት ቤት ምረጪ፣ ምታውቂውን፣ ፈቃድ አግኚ፣ መጠይቁን አስሞዪ፣ ልጆቹ ራሳቸው ከሚነግሩሽ ቦታ አንዱን ብቻ ያዢ፣ ደረጃው ከሆነ ደረጃውን። ከዛ ሁለት ሶስት ሰው ፈልጊ፣ አንዱ ግን ቡሊ ተደርጎ ማያውቅ፣ ግቢው ውስጥ ሁሉም ሚሰማው ልጅ ይሁን፣ እንዳንቺ ታሪክ ያላቸውን ብቻ ከሰበሰብሽ እርስ በርስ ነው ምትፅናኑት። አዋቂ አንድ፣ መልእክት ተቀባይ አንድ። ስሙ ምንድነው ግን? … የራስሽ ስም ነው? እ፣ እሱንማ እንደገና አስቢበት። ትሪሻ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ጄይለንም ትልቅ ሰው ሆነ፣ አንቺም 25 አመት ሲሞላሽ ሌላ ነገር መስራት ያምርሻል፣ ያኔ ስምሽ በሩ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ለሌላ ሰው ማስረከቡ ይከብዳል። ባነሩ ታትሟል? አልታተመም? እንግዲያው ደውይለትና አስቁሚው።